ከዶርዜ እስከ ጫኖ፦ መርክነህ ከፊት የወጣበት ቁልቁለት

ቅዳሜ ማለዳ ከሰፈራችን ከሲቀላ ስንነሳ ሰማዩ ከብዶ ነበር። ዓላማችን ዝናቡ ገብቶ መንገዱን ጭቃ ሳያደርገው፣ የደጋ ሰዎች ወደ ቆላ የሚወርዱበትን የእግር መንገድ ከዶርዜ እስከ ጫኖ በብስክሌት መውረድ ነው። ሦስት ነን። ኤርሚያስ በያጅ ነው፤ ብስክሌቶቻችንን የሚጠግነውም እሱ ነው። መርክነህ ከሲቀላ ጫኖ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምውል ቅዳሜ ሲደርስ ወገቤ ራሱ ብስክሌት ይጠይቃል።

ብስክሌቶቹን ወደ ጨንቻ በሚወጣ አይሱዙ ላይ ጫንን። ሾፌሩ ለብስክሌት ከሰው የበለጠ አስከፈለን፤ ተጨቃጨቅን፣ አልተሳካልንም። ከጆንያ መሃል ተጣብበን ስንወጣ ዓባያ ሐይቅ ከበታች እንደደፈረሰ ሻይ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ጫሞ በጭጋግ ተሸፍኗል። ወትሮ በጨዋታ የሚገድለን መርክነህ ዛሬ ዝም ብሏል። እንቅልፍ ነው ብዬ ተውኩት።

ዶርዜ

ጉሙ ከቀርከሃው አጥር በላይ ያለውን ሁሉ ውጦታል። ጣታችን ደንዝዞ ቆጮ በዳጣ በላን። ያበላችን ሴት ብስክሌቶቹን ደጋግማ አየቻቸውና፣ "በዚህ ነው የምትወርዱት? መንገዱ ያዳልጣል፤ ሰውም አለበት። ቀስ በሉ" አለችን።

የራሳችን ደንብ አለን። ከፊት የሚሄደው ያየውን ይጣራል፣ መሃል ያለው ይደግማል፣ የመጨረሻው እንዲሰማ። "ድንጋይ በግራ!" ይላል ኤርሚያስ፤ "ድንጋይ በግራ!" ይላል መርክነህ፤ እኔ ወደ ቀኝ እላለሁ። ሁልጊዜ ቅደም ተከተላችን ይኸው ነው። መርክነህ መሃሉን ለምን እንደሚወድ ጠይቀነው አናውቅም።

ቁልቁለቱ

የመጀመሪያው ግማሽ ጥሩ ነበር። በእንሰት ጓሮዎች መሃል፣ በድንጋይ እርከን ጠርዝ፣ ከዚያ በገብስ ማሳ ዳር ወረድን። ከዚያ የኤርሚያስ የኋላ ፍሬን መያዝ አቆመ። የሰውን ብስክሌት የሚጠግን ሰው የራሱን ረስቷል ብዬ ሳቅሁበት። በሽቦ አስሮት፣ "እኔ ከኋላ ቀስ እላለሁ። መርክነህ፣ አንተ ምራ" አለ።

መርክነህ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንተ ሂድ" አለኝ።

"ፈራህ እንዴ? ሰው ጭነህ የምትከንፈው ሰውዬ!" አልኩት። ነገሩ ቀልድ ነበር። እሱ ግን ሳይስቅ ከፊት ወጣ።

አልተጣራም። ድንጋይ አለፍን፣ ቦይ ተሻገርን፤ ድምፅ የለም። "አትጣራም እንዴ?" ብዬ ጮህኩ። ራሱን ሳያዞር ወረደ። አንድ መታጠፊያ ላይ በቀኝ በኩል ካለው ቀጭን መንገድ አንዲት እናት በጀርባቸው ቅርጫት አዝለው ብቅ አሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ አየኋቸው። "ሰው በቀኝ!" ብል ዘገየሁ፤ የመርክነህ ብስክሌት መሪ ቅርጫቱን ያዘና እሱም እሳቸውም ወደቁ። የጨንቻ ፖም ቁልቁለቱን ይዞ ተንከባለለ።

እማማ የእጃቸውን አንጓ ይዘው ተቀመጡ። "አንተ ልጅ፣ ቆሜልህ ነበር እኮ። አላየኸኝም ወይ?"

እኔ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው ልል አፌን ስከፍት መርክነህ ቀደመኝ። "አላየሁዎትም እማማ" አለ። ጉልበቱ እየደማ ቆሞ፣ "አላየሁዎትም" ብሎ ደገመው።

ፖሙን ለቀምን። "የተቀጠቀጠውን አሁን ማን ይገዛኛል?" አሉ፤ እኛ ገዛነው። እጃቸውን በኤርሚያስ ሻርፕ አስረን፣ ቅርጫቱን በብስክሌት ጭነን፣ ሁላችንም በእግር ወረድን። እማማ ከኤርሚያስ ጋር ቀደም ሲሉ መርክነህ ተናገረ።

"ከጎን ምንም አይታየኝም። የቀረኝ ፊት ለፊት ነው፤ እሱም በቧንቧ እንደማየት ነው። ሐኪሙ የሄደው ብርሃን አይመለስም ብሎኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካወቅሁት ዓመት አለፈው።"

"መኪናውስ?"

"ታደለች አጠገቤ ትቀመጣለች። እሷ ትነግረኛለች።"

ታደለች ሚስቱ ናት። ጋቢና መዋል ከጀመረች ወዲህ "ቀንታ ነው፣ ሴት እንዳትጭን ትጠብቅሃለች" እያልን እናሾፍበት ነበር፤ እሱም አብሮን ይስቃል። አሁን ግን መጀመሪያ የመጣብኝ የእሱ ዓይን አይደለም። ባለቤቴ ጫኖ አስተማሪ ናት፤ በየማለዳው የምትሄደው በመርክነህ መኪና ነው። ይህን ሳስብ ጮህኩበት።

"ባቆምስ ልጆቼ ምን ይበላሉ?" አለኝ። "ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።"

"ሰኞ መሪ ብትይዝ ትራፊክ ፖሊስ ጋ የምሄደው እኔ ነኝ።"

"ጓደኛዬ አይደለህም?"

ብስክሌቴን እየገፋሁ ቀደምኩት።

ጫኖ

ቆላው ሞቃት ነው። ጤና ኬላ ወስደን እማማን አሳየናቸው፤ ወለምታ ነው ተባለ፣ አልተሰበረም። መርክነህ ትከሻቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቃቸው። ከመስኖው ቦይ አጠገብ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ሰዎች ሙዝ መኪና ላይ ሲጭኑ እያየን ቆየን። የገዛነውን ፖም የነካው የለም።

በአስፋልቱ ስንመለስ ኤርሚያስ ከፊት ሆነ። "ጋሪ በቀኝ!" ሲል መርክነህ "ጋሪ በቀኝ!" ይላል። ይህን ድምፅ ስሰማው ኖሬያለሁ። የሚደግም ሰው ያየ ይመስለኝ ነበር።

ሲቀላ

የቤታቸውን በር የከፈተችልን ታደለች ናት። ጉንጯ ላይ የትራስ ምልክት ነበር። የተቀደደውን ሱሪና ጉልበቱን አየች፤ ወደቅህ ወይ አላለችም።

"ሰው ገጨህ?"

"አዎ። ደህና ናቸው።"

በሩን ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ "ዛሬ ከእናንተ ጋር ነው ብዬ ተኝቼ ዋልኩ። ከዓመት ወዲህ ቀን የምተኛው እሱ ከእናንተ ጋር ሲውል ብቻ ነው" አለች። ኤርሚያስ መሬት መሬት ያያል። ገብታ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ተመለሰችና ለእኔ ሰጠችኝ። "አንተ ጋ ይሁን። እኔ ጋ ካለ ይለምነኛል፤ እሰጠዋለሁ።" መርክነህ አልተከራከረም።

መንገዱን መሞከር ለምትፈልጉ፦ ከገብሱ ማሳ በታች ጠባብ ነውና ፍሬናችሁን ፈትሹ፤ እግረኛ ሲመጣ ከብስክሌት ውረዱ። ለራሴ የተማርኩት ግን ስለ መንገድ አይደለም። በየሳምንቱ አብሬው የምውለውን ሰው አላየሁትም፤ ዓይኔ ደግሞ ጤነኛ ነው። ይህ ያሳፍረኛል።

ለመሰናበት ከጎኑ ቆሜ እጄን ዘረጋሁለት። አልጨበጠኝም። ተቀይሞኛል፣ ቢቀየመኝም እውነቱን ነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። ዞሬ ፊት ለፊቱ ቆምኩና እንደገና ዘረጋሁ። ያኔ ጨበጠኝ።