አልበቃም የተባለው ሱፍ

አርባ ዓመት ኮትና ሱሪ የሰፋ ሰው ለሕፃን የአልጋ ልብስ መስፋት ያቅተዋል ቢባል ማን ያምናል? ሰፊው ግን በዚህ ነገር ጀማሪ ነበር። ሴት ልጁ በሚቀጥለው ወር ልትወልድ ነው፤ እሱም ለመጀመሪያ የልጅ ልጁ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተጋጠመ የአልጋ ልብስ ሊሰፋ ተነሣ። ኮት ከአንድ ጨርቅ ይወጣል፤ ይኼኛው ግን ሠላሳ ጨርቅ አስማምቶ አንድ ማድረግ ነው። ቢቸግረው ጎረቤቱን፣ ጡረተኛዋን መምህርት ጠራ። እሷ ለሦስት የልጅ ልጆቿ ሰፍታለች።

መምህርቷ መነጽሯን አድርጋ መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች። ሰፊው ከአልጋው ሥር ጆንያ ጎትቶ አወጣና ዘረገፈው።

«ውይ! ገበያ ላይ ነው እንዴ የምትተኛው?»

«የአርባ ዓመት ትርፍራፊ ነው፣ እህቴ።»

«እንግዲህ ስማ፣ ተማሪ። ለጀማሪ ጥጥ ከጥጥ ጋር ነው። የሚያንሸራትት ጨርቅ እንዳትነካ፤ ያስለቅስሃል። ይኼን ቀይ ደግሞ አስቀድመህ እጠበው። ቀለሙን ከለቀቀ ሕፃኑን ቲማቲም ያስመስለዋል።»

ሰፊው ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ደማቁን ወደ ቀኝ፣ ፈዛዛውን ወደ ግራ እየለየች ሄዳ ሄዳ እጇ አንድ አረንጓዴ ሱፍ ላይ ቆመ።

ሰፊው ከእሷ ቀድሞ አውቆታል። ከሃያ ዓመት በፊት ለልጇ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ኮት ልታሰፋ ያመጣችው ነው። ያኔ «ጨርቁ አልበቃም» ብሎ እጅጌውን ክርን ላይ አስቀርቶት ነበር። ልክ አዋቂ ነው ተብሎ ሠፈሩ «ሚዛን» የሚል ስም ያወጣለት ሰው በመሆኑ የጠረጠረው አልነበረም። በትርፉ ለገዛ ልጁ ሰደርያ ሊሰፋላት አስቦ፣ ዛሬ ነገ ሲል ልጅቷ አደገች።

«ይኼ የኔን አይመስልም?» አለች መምህርቷ።

«ያኔ አረንጓዴ ሱፍ ያልለበሰ ማን ነበር?» አለ ቶሎ ብሎ። «የአንድ ሾፌር ነው።»

ጨርቁን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ጫፉ እንዳይተረተር በቢጫ ክር በእጅ ተዘምዝሟል፤ ስፌቱ ወላጋ ነው።

«ሾፌሩም እንደ እኔ መዘምዘም አይችልበትም ነበር በለኛ።»

የያኔውስ የድሮ ነገር ነው ይባል፤ አሁን በዚህ ሽበቱ፣ ልታስተምረው የመጣችን ሴት ዓይን ዓይኗን እያየ ዋሸ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ያንቺ ነው» አለ። «በቅቶ ነበር። ተርፎም ነበር።»

መምህርቷ መነጽሯን አወለቀች።

«እኔ'ኮ ልጄን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ‹ግማሽ ሜትር ሰስቼብሽ ነው› ብዬ። ዓመቱን ሙሉ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ነው ቢሮ የዋለችው።»

ይኼን አያውቅም ነበር።

«ውሰጂው፤ ልመልስልሽ።»

«ምን ላደርግበት? አርባ ዓመት ላለፋት ሴት እጅጌ ልቀጥልላት?»

ሰፊው ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳይነቅል፣ ከእንግዲህ ይህች ሴት ደጃፌን አትረግጥም እያለ ጠበቀ። ብድግ አለች።

«እሑድ ልጄ ትመጣለች። ራስህ ትነግራታለህ።»

«እነግራታለሁ።»

«በእኔ ፊት። ጨርቅ የምንመርጠው ከዚያ በኋላ ነው።»

በሩን ሳትዘጋው ወጣች። ሰፊው ብቻውን ክምሩን እንደ ገና መለየት ጀመረ፤ አሁን ግን በደማቅና በፈዛዛ ሳይሆን የኔና የሰው እያለ ነው። የነርሷ ጉርድ፣ የዘበኛው ካኪ፣ የሙሽራዋ እናት ገበር። የእሱ የሚባለው ከአሮጌ ሸሚዙ የቀደዳቸው ሦስት ቁራጮች ብቻ ሆነው ተገኙ። የማን እንደ ነበር የጠፋውን አንድ ነጭ ፖፕሊን ግን እያገላበጠ ብዙ ከቆየ በኋላ የሰው ከሆነው ክምር ላይ አኖረው።