ፍሪዘር የገባው ዘር

ፍሪዘሩን በከፈትኩ ቁጥር አንጀቴ እርር ይላል። የአባቴን የድንች ዘር ልጬ፣ ቆራርጬና ቀቅዬ በረዶ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆንማ ኖሮ አንድ ቀን ጮኼበት ይወጣልኝ ነበር።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡሹሎ ገጠር ውስጥ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን አይሆኑም ብለን አዲስ ከተማ ሰፈር እኛ ቤት አመጣናቸው። ይዘው የመጡት ልብሳቸውንና ግማሽ ማዳበሪያ ድንች ብቻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መንገድ ሲያዩ ከረሙ። እህልም እንደነገሩ፣ ጨዋታም የለ። ዝናቡ ሲጀምር ግን ዶማ አስገዝተው ጓሮውን ቆፈሩና ድንቻቸውን ተከሉ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሆኑ። ጠዋት ከእኛ ቀድመው ይነሳሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ ምሳ ይጠይቃሉ።

ድንቹ ለጉድ ያዘ። ተቆፍሮ ሲገባ ወጥ ቤቱ መረገጫ አጣ። እኔ ደግሞ መሃል ከተማ ቢሮ ውዬ የምገባ ሰው ነኝ፤ ደክሞኝ ገብቼ ድንች መላጥ ሞቴ ነው። ስለዚህ ድንች ልጦ ፍሪዘር ውስጥ የማቆየቱን ዘዴ ከስልኬ አየሁ። ጥሬውን ከከተቱት ይጠቁራል። ተልጦና ተቆርጦ ጨው ባለው ውሃ ትንሽ ይቀቀላል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበርዳል፣ በፎጣ ይደርቃል፣ እንዳይጣበቅ በትሪ ተደርጎ ፍሪዘር ይገባል፤ ሲጠጥር በፌስታል ይታሰራል። ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ለጸሎት ቸርች ሄዱ፤ እኔና ባለቤቴ ሥራ ጀመርን። ወጥ ቤት ካለው ድንች ግማሹ ዶማ የነካው፣ ግማሹ ትል የቀመሰው ነው። ደህናው የት ገባ ብዬ ስፈልግ አባቴ አልጋ ስር አገኘሁት። እንቁላል እንቁላል የሚያካክል፣ አንድ ጭረት የሌለበት፣ ጭድ ተነጥፎለት ተቀምጧል።

ደሜ ፈላ። «ለእኔ ነው የሚሰስቱት? ምን አጎደልኩባቸው?» አልኩት ባለቤቴን።

«ሲመጡ ጠይቂያቸዋ! መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» አለኝ እየሳቀ።

«ኤዲያ! አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ላጥ!»

ላጠ። እኔም በንዴት ላጥኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አንድም አልቀረንም።

አባቴ ሲመለሱ ፍሪዘሩን ከፍቼ በኩራት አሳየኋቸው። «ጎበዝ፣ ተባረኪ» ብለውኝ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲወጡ ባዶውን ማዳበሪያ ይዘዋል።

«ልጄ፣ ዘሩስ?»

«የምን ዘር?»

«በልግ ሲገባ የሚተከለው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናቴ ከየምርቱ መካከለኛውንና ጤነኛውን መርጣ፣ ለዘር ብላ አልጋ ስር ታደርግ ነበር። ትንሽ ስለነበርኩ አልጋው ስር ገብቼ የምደረድረው እኔ ነበርኩ! እንዴት እንደዚህ ያለ ነገር ከሰው ጭንቅላት ይጠፋል? በገዛ ራሴ ተቃጠልኩ።

«ሁሉም?» አሉኝ።

«ሁሉም፣ አባባ።»

አንዱን ትሪ አውጥተው አዩት። ከተላጠና ከተቀቀለ ድንች ምን ሊበቅል! መልሰው አስቀመጡት።

«ከገበያ ዘር እገዛልዎታለሁ፤ ነገውኑ!» አልኳቸው።

«የገበያውን አላውቀውም» አሉ። «ይሄ እናትሽ ስትመርጠው የኖረችው ነው። በክፉ ቀን እንኳ አልበላነውም።»

ምናለ ቢቆጡኝ! ምናለ ቢሰድቡኝ! ማዳበሪያውን ማጠፍ ጀመሩ። እርጋታቸው ይባስ አናደደኝና፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅኩ በእሳቸው ላይ ጮህኩባቸው።

«ታዲያ ዘር ነው ብለው ለምን አልነገሩኝም? አፍ የለዎትም?»

አፍ የለዎትም! ለአባት! ባለቤቴ በድንጋጤ ክንዴን ያዘኝ። አባቴ ግን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«የገበሬ ልጅ አይደለሽ?» አሉኝ። «ይሄም ይነገራታል ብዬ አላሰብኩም።»