የአክስቴ የጓሮ ጎመን

ለንደን ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ፣ በኑክሌር ኃይል ማመንጫ አቅራቢያ የኖሩ ሰዎች በሰውነታቸው ያለው ጨረር እየተለካ መሆኑን ሰማሁ። ክረምቱን እዚሁ እንግሊዝ አገር ማመንጫው አጠገብ ከምትኖረው አክስቴ ዘንድ ስላሳለፍኩ፣ ተለክቼ ልርዳቸው ብዬ ሄድኩ።

የምትለካው ሴትዮ የአካባቢውን ወተት እጠጣ እንደነበር ጠየቀችኝ። በትክክል ልመልስላት ፈልጌ፣ በፍልሰታ ጾም ወተት እንደማንቀምስና ከጓሮ የተቀጠፈ ጎመን እንበላ እንደነበር አስረዳኋት።

መጻፏን አቆመች። «በየቀኑ? ከዚያው ጓሮ?»

ደነገጥኩ። የእኔ ልኬት ደህና መሆኑን ነገረችኝ፤ ጎመኑ ግን መመርመር አለበት አለች።

ወዲያው ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ካለ የሕዝብ ስልክ ለአክስቴ ደወልኩ። እርጉዝ ነበረች። መጾም ባይኖርባትም ከእኔ ጋር ያንኑ ጎመን ስትበላ ነው የከረመችው።

«ደግሞ ጎመኔ ምን አጠፋ?» ብላ ሳቀች።

«ምንም አላሉም እትዬ፤ ቼክ ሊያደርጉት ነው። እስከዚያ ግን አትብዪው።»

ሳቋ ተቋረጠ። «አሁን እኮ እሳት ላይ ጥጄዋለሁ» አለች። ቀጥላም፣ «አንቺ ነሽ የተማርሽው፤ ልድፋው?» ስትል ጠየቀችኝ።

የተማርኩት ገና ጥቂት ሳምንት ነበር። ጎመኑ ይጉዳት አይጉዳት አላውቅም።

«ድፊው» አልኳት።