እንዳይበላሽ ያልነው ነጭ ወረቀት

በዚያ ዓመት እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ ስዊድን፣ ሱንድቢበሪ በምትባል ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት የመሰብሰቢያ ክፍል፣ ለአገሬ ሰዎች ስለ ምርጫ አስተምር ነበር። በሥራ ቀን የአገሬን ሰዎች ልጆች አማርኛ የማስተምረው ቴንስታ በሚባል ሰፈር ነው፤ እዚያ ልጆቹን በአማርኛ ስጠይቃቸው በስዊድንኛ ይመልሱልኛል። የእሑድ ተማሪዎቼ ግን አብዛኞቹ በዕድሜ ወላጆቼ የሚሆኑ፣ በአማርኛ የሚከራከሩኝ ናቸው። ስለዚህ እሑድን እወድ ነበር። ሰሌዳውን በመስመር እከፍላለሁ፣ ቀስት እሥላለሁ፣ ዋናውን ነገር ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ።

ለማስተማሪያ የመረጥኩት የአንዲት እንግሊዛዊት ፖለቲከኛን ሕይወት ነው። የስዊድኖቹን ብወስድ ክፍሉ በደጋፊና በተቃዋሚ ተከፍሎ ትምህርቱ ይቀራል ብዬ ነው። ሴትዮዋ ነርስ ነበረች። ሁለት ጊዜ ተወዳድራ ተሸነፈች፤ በሦስተኛው የአካባቢዋን በር ሁሉ አንኳኩታ ፓርላማ ገባች። ለዓመታት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ስለ ሆስፒታሎች ስትናገር የሚሰማት አልነበረም። በመጨረሻ ሚኒስትር ሆነች፤ ከሥልጣን ያወረዳትም የገዛ ፓርቲዋ ነው። ታሪኳን በየሳምንቱ ቆርሼ ቆርሼ ነገርኳቸው።

ከሁሉም አብልጠው የሚሰሙኝ አንዲት የወሎ ሴት ነበሩ። ሃምሳን አልፈዋል፤ ሥራቸው በየቤቱ እየዞሩ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን ማጠብና ማብላት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የተመደበው ደቂቃ ስልካቸው ላይ ይቆጠራል። አንድ ቀን፣ የአንዱን አዛውንት ሁለተኛ ካልሲ ሳያጠልቁ ደቂቃው እንዳለቀ ነገሩንና ይህን የሚወስነው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ምክር ቤት ነው አልኳቸው። እዚያ እንዴት እንደሚገባም አስረዳኋቸው፤ ማስረዳት ደስ ይለኛል።

ፓርቲ ገቡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፓርቲው በዕጩዎቹ ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው፤ ከመጨረሻው ሦስተኛ። ጡረታ የወጡ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሴትዮዋ ክፍል በገቡ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ እያሉ፣ «እንግሊዟ መጡ፣ መንገድ ልቀቁ» ይሉ ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር። በጋውን ሙሉ ከሥራ መልስ በር እያንኳኩ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከረሙ። የጉልበታቸውን ሕመም ሳነሣባቸው፣ እንግሊዛዊቷስ በር ያንኳኳችው በዝናብ አልነበረም ወይ አሉኝ።

ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ ስለ ድምፅ አሰጣጥ አስተማርኩ። በእንግሊዝ መራጩ ከዕጩዋ ስም ጎን ምልክት ያደርጋል፤ እዚህ ስዊድን ግን የዕጩዎች ስም የተዘረዘረበትን የፓርቲውን ነጭ ወረቀት ወስዶ ፖስታው ውስጥ መክተት ብቻ ነው አልኩ። «ምንም አትጻፉበት፤ ይበላሻል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

የመጨረሻው ውጤት የታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ፓርቲው አንድ ተጨማሪ መቀመጫ አግኝቷል። መቀመጫው ግን በዝርዝሩ ከእሳቸው በላይ ለነበረ፣ አንድም በር ላላንኳኳ ወጣት ደረሰ። ለሴትዮዋ ስላመጡት ድምፅ ምስጋና አበባ ተላከላቸው።

የምርጫውን ደንብ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ነጩ ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ትንሽ ሳጥን አለች። መራጩ እዚያች ላይ ምልክት ካደረገና ምልክቱ ከበዛ፣ ታች ያለው ዕጩ ወደ ላይ ይወጣል። ምልክት ካልተደረገ የሚሠራው ፓርቲው ያወጣው ተራ ነው። ነገሩ ከባድ ሆኖብኝ አይደለም። አስቀድሜ አላነበብኩትም።

በቀጣዩ እሑድ ልነግራቸው ሰሌዳው አጠገብ ቆምኩ፤ ሹፌሩ ቀደሙኝ።

«መምህር፣ እኔ እንዳልሽው ነው ያደረግሁት። የዚያን ቀን እስክሪብቶ እንኳ በኪሴ አልያዝኩም።»

ሌሎቹም ተከተሉ። አንዷ ለባላቸው ሳይቀር እንዳስጠነቀቁት ነገሩኝ። ሁሉም የተሰጣቸውን አደራ በሚገባ የተወጡ ሰዎች ፊት ነበራቸው። ስለ ሳጥኗ ነገርኳቸው። ድምፄ የአስተማሪ ድምፅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ አላገኘሁም። ሹፌሩ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ያገላብጡት ጀመር።

ሴትዮዋም የራሳቸውን ወረቀት ምንም ሳይነኩ እንዳስገቡ ተናገሩ። ፓርቲው ስለ ሳጥኗ ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እነሱማ ምን ቸገራቸው? ድምፁ እንደሆነ ደርሷቸዋል። እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነበር» አሉ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ከቦርሳቸው በየበሩ ሲያድሉት ከከረሙት ነጭ ወረቀት የተረፈውን አንድ አወጡና ከሹፌሩ እስክሪብቶ ለመኑ። የራሳቸውን ስም ለማግኘት ጣታቸው ብዙ ወረደ። ሳጥኗ ውስጥ ምልክት አደረጉ፤ ቀስ ብለው፣ በጥንቃቄ።

«እንቺ» አሉኝ፣ «በዚህ አስተምሪ።»

ሰዓታቸውን አይተው ተነሡ። ስፖንጋ ሰፈር እራታቸውን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አሉ፤ ደቂቃው እንደ ድሮው ነው።