ሁለት ቃል የምትውጠው ራዲዮ

በ1969 ዓ.ም. ዕድሜየ ሠላሳ ሁለት ነበር። ላሊበላ ከመልእክት ራዲዮ ቤት ዘበኛ ነበርሁ። ራዲዮ ተናጋሪው ወደ ደሴ ተዛወረና ቦታው ክፍት ሆነ። ፊደል እየለቀምሁም ቢሆን አነባለሁ፣ ድምፄም ወፍራም ነው፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጋሼ መኮንን የሚባሉ ቴክኒሻን ሥራውን አሳዩኝ። ባትሪውን ማየት፣ ማዳመጫውን ጆሮ ላይ ማድረግ፣ ቁልፉን ተጭኖ መናገር። «ይች ራዲዮ አመል አላት» አሉኝ። «ድምፅ ሳትሰማ አትነቃም። እስክትነቃ ሁለት ቃል ትውጣለች። አንተ ‹አንድ፣ ሁለት› በልና መልእክቱን ቀጥል።»

ሁለት ዓመት እንዲሁ አልሁ። አንድም መልእክት አልተበላሸ።

ማዶ በበላይ ጣቢያ ያለው ተቀባይ ባለአራት ሳጥን ወረቀት አለው። የሰማውን በተራ ይሞላል፦ መፈክር፣ ቦታ፣ የተፈለገ ዕቃ፣ የጠያቂ ስም።

ከዚያ ጓድ ደርበው የሚባል ካድሬ መጣልን። አንድ ጠዋት ከኋላየ ቆሞ «አንድ፣ ሁለት፣ ኢትዮጵያ ትቅደም» ስል ሰማኝ።

«ቆይ፤ ከኢትዮጵያ በፊት የምታስቀድመው ምንድን ነው?» አለኝ።

የራዲዮዋን አመል ነገርሁት። ራዲዮዋም የአብዮቱ ንብረት ስለሆነች መንቃት አለባት፣ ‹አንድ፣ ሁለት› ማለቱ ይቅር አለ። ተከራከርሁት። ስሜን ከደብተሩ ሲጽፍ ጊዜ እሺ አልሁ።

በዚያው ሰሞን ከአሸተን ማርያም ሥር ያሉ ገበሬዎች ዘር አልነበራቸውም። ክረምቱ ሳይደርስ በልተውታል፤ ዝናቡ ደግሞ ገብቷል። የማኅበራቸው ሊቀመንበር አቶ ታደገ መጥተው ይሄ ሳምንት ካለፈ የምንዘራው ሁሉ አይደርስልንም አሉኝ። እኔም እንደታዘዝሁ ላክሁ፦ ኢትዮጵያ ትቅደም። ላሊበላ። የገብስ ዘር። ጓድ ደርበው።

መልሱ በማግስቱ መጣ። «ለገብስ ዘር ቀበሌ። የጠየቃችሁት ጓድ ደርበው ከመጋዘናችን አልተገኘም። ጠያቂው ስሙን ይግለጽ።»

ሲነበብላቸው አቶ ታደገ ጓዱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እኛስ ዘር ነበር የፈለግን፤ እሱስ እዚሁ አለልን» አሉ።

ተቀባዩን ለምን እንዲህ እንደሞላው ጠየቅሁት። «የፊተኛው ሳጥን ባዶ ከሆነ የምጠየቅ እኔ ነኝ፣ የሰማሁትን ከፊት ጀምሬ እሞላለሁ» አለኝ። እሱም ከኋላው የሚቆም ሰው ሳይኖረው አልቀረም።

ጓድ ደርበውን «መፈክሩን ሁለት ጊዜ ብልስ?» አልሁት። ፊቱ በራ፤ የነቃ ሠራተኛ እንዲህ ነው አለ። የፊተኛውን ራዲዮዋ ዋጠች፣ ኋለኛው ደረሰ፣ ሳጥኑ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። በሦስተኛው ቀን ዘሩ በጭነት መኪና መጣ። አቶ ታደገ ጆንያውን በአህያ ጭነው ዳገቱን ወጡ።

ጓድ ደርበው ግን ስብሰባ ጠርቶ ዘሩን ያመጣው የመፈክሩ መደጋገም ነው አለ። ከነገ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ይባል ብሎ አዘዘ። ሦስት ካልሁ ሁለቱ ይደርሳል፤ ሳጥኑ አሁን ወደ ሌላው ወገን ይዛነፋል፤ ከመጋዘን ላሊበላን ሊፈልጉልን ነው። የጎረቤቱ ቀበሌ ዘር ገና አልተጠየቀም ነበር።

ከሥራው የተማርሁት ይሄን ነው። መሣሪያ ማን እንዳዘዘው አያውቅም። ሲጎድልበትም ሲበዛበትም እኩል ይሳሳታል። አመሉን የሚያውቅለት የተቀመጠበት ሠራተኛ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ደርበው ከኋላየ ቆመ። መፈክሩን ሦስት ጊዜ ጮክ ብየ አልሁለት። የመጀመሪያውን ቁልፉን ሳልጫን ነበር ያልሁት።