ቁርጡባን ለአባቴ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰልማ ግሪስሃይም ጣቢያ ኤስ-ባን የሚባለውን የከተማ ባቡር ስንጠብቅ፣ ለአራት ቀን ወደ ስፔን የምትሄድበትን ትኬት በስልኳ ቆርጣ ጨረሰች። ባቡሩ ገና አልመጣም ነበር። እኔ በወጣትነቴ ለዚያችው አራት ቀን ክረምቱን ሙሉ ሳስብ ነው የከረምኩት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። በስደት በመጣሁበት በዚህ ከተማ፣ ፌኸንሃይም የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እለያለሁ፤ ጓደኛዬ ሂሩት ሆቴል ታጸዳለች። የጉዞ ሰነዳችን በእጃችን የገባ ሰሞን፣ "እስከ መቼ ከቢሮ ቀጠሮ ወደ ቢሮ ቀጠሮ ብቻ? አንድ ጊዜ እንኳ ለደስታ እንሂድ" አለችኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው ዳር ሽቫንሃይም ባለችው የሂሩት ክፍል ተቀምጠን፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነውን የስፔን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እያገዝን እናነባለን። ውጭ ጫካው በረዶ ለብሷል፤ እኛ ምስር ወጥ በዳቦ እየበላን፣ ብርቱካን እንደ ጥላ ዛፍ መንገድ ዳር ስለሚተከልበት አገር እናወራለን። ሂሩት የመረጠችው ባርሴሎናን ነበር። ባሕር አይታ አታውቅም። "እግሬን ውሃው ውስጥ ከትቼ መቀመጥ ነው የምፈልገው፤ ሌላው ትርፍ ነው" ትል ነበር።

ያልነገርኳቸው አባቴ ብቻ ነበሩ። ደሴ ላይ የቁርአን ቂርአት የሚያስተምሩ፣ ቀልድ የማያበዙ ሰው ናቸው። ሥራ ትቼ ልዝናና ነው ብዬ እንዴት እንደምነግራቸው ሳሰላስል ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ደወልኩ።

"አባባ፣ ከሂሩት ጋር ለአራት ቀን ስፔን የሚባል አገር ልንሄድ ነው። ለሥራ አይደለም፤ ለማየት ያህል ነው።"

 የጠየቁኝ ያልጠበቅኩትን ነበር።

"ቁርጡባ ያለችበት አገር ነው?"

ኮርዶባን በዐረብኛ ስሟ መጥራታቸው ነው። መጽሐፉ ላይ አይቼው ገጹን ገልጬ አልፌ ነበር።

"አዎ፣ እዚያው ነው።"

"መስጊዷ እስካሁን ቆሟል? ሸኻችን ምሰሶዎቹን ከዘንባባ ጫካ ጋር እያመሳሰሉ ይነግሩን ነበር። ልጅ ሆኜ በእግር የሚደረስ መስሎኝ ነበር።"

ባርሴሎናና ኮርዶባ በካርታው ላይ የተራራቁ ናቸው፤ ለሁለቱም አራት ቀን አይበቃም። ለሂሩት ስነግራት ካርታውን ብዙ አየችው።

"ባሕሩ የትም አይሄድብኝም፤ አባትሽ ግን ሽማግሌ ናቸው" አለችና መጽሐፉን ኮርዶባ ላይ ገለጠችው።

በሚያዝያ ሄድን። ከተማው ከጫፍ እስከ ጫፍ የብርቱካን አበባ ይሸታል። የጥንቱ መስጊድ ዛሬ ካቴድራል ሆኗል። ስንገባ ቀይና ነጭ ቅስቶቹ ከምሰሶ ምሰሶ እየተቀባበሉ ዓይን እስከማይደርስበት ይዘልቃሉ። ሂሩት አማተበች፤ እኔ በልቤ ፋቲሓ ቀራሁ። የሰው እጅ ይህን ያህል ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ስንወጣ ከመንገድ ዳር ስልክ ለአባቴ ደወልኩ። የምሰሶውን ቀለም፣ የጣሪያውን ከፍታ አንድ በአንድ ጠየቁኝ።

"በእጅሽ ነካሽው?"

"ነካሁት፣ አባባ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል።"

"ደግ አደረግሽ" አሉ።

በዓመቱ ከሂሩት ጋር ባሕሩን አየን። አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። ወንድሜ እንደነገረኝ፣ ለተማሪዎቻቸው ስለ ቁርጡባ ሲያወሩ ደርሰው የተመለሱ ይመስሉ ነበር።

ዛሬ እኔም ዕድሜዬ እሳቸው ያኔ ወደነበሩበት ተጠግቷል። ያን ሦስት ሳምንት የፈራሁት፣ ይከለክሉኛል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እሳቸው ከእኔ ቀድመው የተነሡ መንገደኛ ነበሩ፤ ያጡት የሚያደርሳቸውን ብቻ ነው።