ከፈለኝ፣ የቦንጋው ባለጀልባ

ባለቤቴ ከፈለኝ ግቢያችን ውስጥ ጀልባ መሥራት ሲጀምር፣ የሰፈራችን ሰው ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ኖኅ አሉት። ቦንጋ ሐይቅ የላትም። ተራራ፣ ጫካ፣ ጭቃና ዝናብ ግን ሞልቷታል። ስለዚህ የባጃጅ ሾፌሮች በአጥራችን ባለፉ ቁጥር፣ ዘንድሮ ዝናቡ ከበረታ እኛንም አሳፍረን እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ሳቅ ብሎ ብየዳውን ይቀጥላል። የምናደደው እኔ ነኝ። አስተማሪ ነኝ፣ ተማሪዎቼም ወላጆቻቸውም እዚሁ ሰፈር ናቸው፤ የኖኅ ሚስት መባል አልፈለግሁም።

ከፈለኝ የዝዋይ ልጅ ነው። ሐይቅ ዳር አድጎ፣ የውኃ ፓምፕ ጥገና ተምሮ፣ በምደባ ወደ ካፋ መጣ። ሥራው መዞር ነው፤ ዛሬ ደካ፣ ሌላ ጊዜ ሺሺንዳ፣ ፓምፕ ቆመ በተባለበት ሁሉ መፍቻውን ይዞ ይገኛል። እኔንም ያገኘኝ የትምህርት ቤታችንን ፓምፕ ሊጠግን መጥቶ ነው። ሥራውን በአንድ ጠዋት ጨርሶ ሳለ፣ እንዴት እንደሆነ ልየው እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለስ ርእሰ መምህራችን እንኳ ነገሩ ገብቷቸው ፈገግ ይሉ ነበር። የመጀመሪያ ባለቤቴ በሕመም ካረፈ ያኔ ዓመታት አልፈዋል። ልጃችን ሊና ግን አባቷን ትናንት የቀበረች ያህል ነበረች።

ከፈለኝን ሳገባ ልጄ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም፤ ዝም አለች። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ገበታ ላይ ጨው አቀብዪኝ ቢላት ፊቷን ወደ እኔ አዙራ "እዚያ ነው በይው" ትለኛለች። በገዛ ቤቴ አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ። ጎረቤቶች ደግሞ ባዩዋት ቁጥር አይ የሙት ልጅ እያሉ ራሷን ይደባብሷታል፤ ከዚያ ሌላ የሚሏት ነገር አልነበራቸውም። ከፈለኝ አንድ ቀን አልተቆጣትም፣ በስጦታም ሊያባብላት አልሞከረም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለታችን ብቻችንን ሳለን፣ "ፀዳለ፣ ይቺ ልጅ ካልተቀበለችኝ እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ መሄጃውን ማወቅ አለበት" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወጥ ስሠራም፣ ክፍል ገብቼ ሳስተምርም ይህ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ጥሩ ሰው አግኝቼ ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ።

ጀልባው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከታች በኩል የተሠራው የኃይል ማመንጫ ግድብ ውኃ ወደ ኋላ ተኝቶ የጎጀብን ሸለቆ ሐይቅ ካደረገው ወዲህ ከፈለኝ እግሩ አልቆም ብሎት ነበር። ጀልባውን ከላሜራ በየደው። የሚጫንበት ባለሁለት ጎማ ተጎታች ሠራለት። ያገለገለ ትንሽ ሞተር ከዝዋይ አስመጣ። ፒክአፑን ከጓደኛው ከአስፋው ተዋሰ። ሊናንም ነይ አላላትም። አንድ ቀን ላሜራው ብቻውን አልያዝ ብሎት ሲታገል አይታ ዝም ብላ መጥታ ጫፉን ያዘችለት። እሱም አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል፣ እንዳትበርበት የሚሰጋላት ወፍ አጠገቡ ያረፈች ይመስል፣ ቀና ሳይል በየደ።

ተጎታች የያዘ ሰው ዓይኑ ከፊቱ ይልቅ ኋላው ላይ ነው ይላል ከፈለኝ። ከቦንጋ ወደ ሐይቁ ከመነሳታችን በፊት ተጎታቹ ከመኪናው የሚያያዝበት ጋንቾ መቆለፉን ያያል፣ ሰንሰለቱን ከሥሩ ያጣምራል፣ የኋላ መብራቱን ያስበራል፣ ገመዱን ይስባል። በየከተማው ወርዶ የተጎታቹን ጎማ እምብርት በመዳፉ ይዳስሳል፤ ከጋለ ቆመን እስኪበርድ እንጠብቃለን። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው። ለምን ትንቀራፈፋለህ ስለው፣ ፍሬኑ ከጋለ አይዝም፣ ጀልባው ሐይቁ ላይ ቀድሞን ይደርሳል ሲለኝ ያን ዕለት ከሹፌር ጋር መከራከር ተውኩ።

ሐይቁ ዳር የተሠራ መውረጃ የለም፤ ጠጠር ያለበት ዘቅዛቃ ቦታ ፈልጎ ተጎታቹን ወደ ኋላ እየነዳ ውኃው ውስጥ ማስገባት ነው። ተጎታች ወደ ኋላ ሲነዳ መሪውን ወደ ቀኝ ብታዞረው እሱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከእልኸኛ በቅሎ ይብሳል። ስለዚህ ከኋላ ቆሞ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ሞከርኩ፤ ግራና ቀኜን አምታትቼ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተትነው። በሁለተኛው ሳምንት ሊና ገፋ አድርጋኝ ቦታዬን ያዘች። ልጄ ለእንጀራ አባቷ በቀጥታ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል "ቁም" የሚል ነው። ሁለተኛው "ወደ ግራ" ነው። ሰውዬው ትእዛዝ ሲቀበል እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ሁለት ቃል ተጨመረ። ዓርብ ሲመሽ መንጠቆ ማዘጋጀት፣ ቅዳሜ መውረድ፣ እሑድ መመለስ ልማዳችን ሆነ። ያጠመዱትን ቀረሶና አምባዛ ዓሣ ለጎረቤት ስናድል የኖኅ ቀልድ ቀነሰ፤ ዓሣ የቀመሰ አፍ እንደ ልቡ አይቀልድም። ማደሩን በተመለከተ ከፈለኝ ድርቅ ያለ ሰው ነው። የግድቡ ውኃ ሳይታሰብ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሲመሽ ደግሞ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ስለዚህ ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ተጎታቹ ላይ ያድራል፤ እኛ ከጉማሬው መንገድ ርቀን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ድንኳን እንተክላለን። ዓሣ የሚጠረገው ከመኝታ ርቆ ነው። የቦንጋ ሰው ወባ ስለማያውቅ አጎበር ይንቃል፤ እሱ ግን ሳይዘረጋ አያስተኛንም። ውኃ ላይ ደግሞ የመንሳፈፊያ ጃኬት ያላጠለቀ ጀልባው ላይ እግሩን አያሳርፍም። ከመግባቱ በፊትም ሐይቁ ዳር ለሚኖረው ዓሣ አጥማጅ ለሰላሐዲን፣ በዚህ በኩል ነኝ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ካልተመለስኩ ፈልገኝ ብሎ ይነግረዋል። እኔ አንድም ቀን ጀልባው ላይ አልወጣሁም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምቼ ያደግሁ የተራራ ሰው ነኝ፤ ዳር ቁጭ ብዬ ጥላዬን ዘርግቼ ደብተር አርማለሁ።

ይህን ሁሉ የሚጠነቀቅ ሰው ነው እንግዲህ ውታፉን የረሳው።

የጀልባው ወለል ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ የገባ ውኃ የሚፈስበት ቀዳዳ አለ፤ በብረት ውታፍ ይዘጋል። ዝዋይ ቢሆን ውታፉ ከቦታው አይነሳም ነበር። ቦንጋ ግን ዝናቡ አያባራም፤ ውታፉ ካልተነቀለ ግቢ የቆመው ጀልባ በሳምንት ውስጥ የከብት ማጠጫ ገንዳ ይሆናል። ስለዚህ ከፈለኝ ዘወትር ነቅሎ በረንዳ ላይ ያንጠለጥለዋል። ያን ቅዳሜ ዝናቡ ሳያጣድፈን እንውጣ ብለን ተጣደፍንና፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሐይቁ ዳር ደርሰን ጀልባውን ልናወርድ ስንል ውታፉ ቦንጋ ቀርቷል።

ሊና ፊቷ ጨለመ። ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቅ ከርማለች። ከፈለኝም አያት። በቦርሳዬ ውስጥ ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ የማሠራበት፣ ከገበያ የገዛሁት ሰም ነበር። እሱን ለመነኝ። ቁራጭ እንጨት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሰሙን በእሳት አለስልሶ ለወሰበትና ቀዳዳው ውስጥ በመዶሻ መታው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ሆነ። ጀልባውን ዳር ላይ አስገብቶ ብዙ ጠበቀ፤ ጠብታ አልገባም። በማግስቱ እሑድ ጠዋትም ሲያጠምዱ አረፈዱ፤ ጠብታ አልገባም። እኔም ሰሙ የኪዳነ ምሕረት ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ ተኩራርቼ ነበር።

ለምሳ ሲመለሱ ጀልባውን ጠጠሩ ላይ ጎትተው አወጡት። ቆላው በቀትር ምን እንደሚመስል ለቦንጋ ሰው መንገር ከባድ ነው። እኛ ሰም የምናውቀው ዓመቱን ሙሉ በሚቀዘቅዝ ጓዳ ውስጥ ነው። እዚያ ግን ላሜራው በእጅ አይነካም ነበር። እኛ ዛፍ ሥር ዓሣ ስንበላ ሰሙ ቀስ እያለ እየላላ ነበር፤ ማናችንም ሄደን አላየነውም። ከዚያ ያስቀመጡትን መንጠቆ ለመሰብሰብ ሁለቱ ተመልሰው ገቡ።

መሃል ላይ ሳሉ ጀልባው ዝቅ ብሎ ታየኝ። ሞተሩ ድምፁን ለወጠ። ከፈለኝ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ከጀልባው ወደ ውጭ ሲረጭ አየሁ፤ ሊና ግን ተቀምጣ አትንቀሳቀስም። ለምን አትረዳውም ብዬ ጮኽኩ፣ ማን ሊሰማኝ። ሐይቁ በዚያ በኩል አዞ አለበት፤ ዘለው ቢዋኙም ተስፋ የለውም። ሰላሐዲን ጩኸቴን ሰምቶ በእንጨት ጀልባው እየቀዘፈ ወጣ። የእኔዎቹ ግን እየከበዱ፣ እየቀረቡ መጡ፤ ወደ ዳር ሲጠጉ ሰላሐዲን ደረሰላቸውና ገመድ ወርውሮ ጎተታቸው። ጠጠሩ ላይ ተቀምጬ አምላኬን አመሰገንኩ። ሊና ስትወርድ ተረከዟ ተቀዶ ደሟ ይንጠባጠብ ነበር።

ምስጋናዬ ብዙ አልቆየም፤ ቁጣ መጣ። ሰላሐዲን ጀልባውን እኔ እጠብቀዋለሁ፣ እናንተ ልጅቷን አሳክሙ ብሎ ጤና ጣቢያው ያለበትን ከተማ ነገረን። ፒክአፑ ውስጥ ሊናን መሃል አስቀምጠን መንገዱን ሙሉ በከፈለኝ ላይ ወረድኩበት። በሰም የሚሄድ ጀልባ፣ የሰው ልጅ፣ የአባቷ አደራ፤ ያልኩትን ሁሉ አሁን አልደግመውም። ጀልባው ይሸጣል አልኩ። እሺ አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ላሜራው እንደሚግል ማወቅ ነበረብኝ አለ። ከዚያ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር መሄጃውን የሚያስብ እንግዳ ፊት ነበር። የፈራሁት ደረሰ፣ ያውም በእኔው አፍ።

ያን ጊዜ ነው ሊና የተናገረችው። ተረከዟ ላይ የተጠመጠመው ሻሽዋ ደም እየጠጣ፣ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ ነው የነገረችኝ። ውታፉ ሲወጣ ከፈለኝ አልደበቃትም። ሰሙ ቀልጧል፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላት። ሻሽዋን ቀዳዳው ውስጥ ወተፉት፤ ውኃው እየገፋ መለሰው። አንድ ሰው በተረከዙ ካልረገጠው አይያዝም፣ የቀዳዳው አፍ ደግሞ ስለት ነው።

"ያላንቺ አልደርስም አለኝ" አለች። "አይዞሽ አላለኝም፤ ያላንቺ አልደርስም ነው ያለኝ። እውነቱን ነው፣ እማዬ። ባልረግጠው ኖሮ አንደርስም ነበር።"

ልጄን አየኋት። የሙት ልጅ እያሉ ራሷን ሲደባብሷት የኖሩ ሰዎች ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ከእሷ ምንም ፈልገን አናውቅም። ይህ ሰው ፈለጋት። 

ጤና ጣቢያው ጠባብ ነው። ነርሷ ቁስሉን አይታ መስፋት አለበት አለች፤ ማደንዘዣው ራሱ ያማል፣ እጇን የሚይዝላት ሰው ይግባ፣ አንድ ሰው ብቻ አለች። ከፈለኝ በእሷ ደም የቀላ ሸሚዙን እያየ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለ። እኔ እናት ነኝ፤ ቦርሳዬን አንግቤ ተነሳሁ።

"እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ" አለች ሊና። "ጋሽ ከፈለኝ ይግባ።"

እሱ እንዳልሰማ ሰው ቆመ። ነርሷ በል ወደ ውስጥ ና ስትለው ነው እግሩን ያነሳው። በሩ ተዘጋ። እኔ የልጄን አንድ ጫማ ይዤ ውጭ ቀረሁ፤ ከውስጥ የሊና ጩኸት፣ ከጩኸቱ ሥር ደግሞ የእሱ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። እናት ሆኜ ከደጅ በመቅረቴ አምላኬን ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው።